«ራስን መሆን ብቻ ይበቃል» በተባለው ላይ የተነሣ ክርክር

ዘፒያሳ፦ ቅዳሜ አራት ኪሎ በነበረ የሥነ ልቦና ውይይት ላይ አንድ አማካሪ፣ የተደበቀ ስሜትን ካለፈ ሕይወት ውስጥ ይፈልግ የነበረውን ኦስትሪያዊ ሐኪም ፍሮይድን አንሥተው፣ «የፍሮይድ ነገር ያለቀለት ተረት ነው፤ ሰው ያለፈውን መቆፈር ትቶ ራሱን መሆን ብቻ ይበቃዋል» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያጨበጨበው ሁሉ ራስን ስለመሆን ያስተማረውን አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስን የሰማ መስሎት ከሆነ አዝናለሁ። ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ሰው እንዲለወጥ የሚያስፈልጉ ስድስት ሁኔታዎችን ሲዘረዝር፣ የማያስመስል፣ ችግሩን የሚረዳለትና ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚቀበለው ሌላ ሰው ከተመካሪው ፊት እንዲኖር ጠይቋል።

ሐና ከስድስት ኪሎ፦ እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። አማካሪው፣ አንደኛ ሲወጣ ብቻ የሚሳም ልጅ የሚፈራውንና የሚጠላውን እየደበቀ እንደሚያድግ አስረድተዋል፤ ይህን ዘለሉት። ለመሆኑ እንዲቆፈር የሚፈልጉት እንደ ፍሮይድ ታካሚ እንደ ዶራ ነው? የ18 ዓመቷ ልጅ የአባቷ ወዳጅ እንደተዳፈራት ብትነግረው፣ ፍሮይድ «በስውር ትወጂዋለሽ» ዓይነት ትርጓሜ ሰጣት፤ በ11 ሳምንቷም ጥላው ሄደች። ደግ አደረገች!

ዘፒያሳ፦ እህቴ፣ ተመካሪ ለሌላ ሰው የነበረውን ስሜት በሐኪሙ ላይ እንደሚያሳርፍ በጊዜው አለማስተዋሉን ፍሮይድ ራሱ በ1905 ባሳተመው በዚሁ ታሪክ መጨረሻ ላይ ጽፏል። ደግሞስ የፍሮይድ ባልደረባ የነበረው አድለር በ1911 ተለይቶት ሲወጣ ያለፈውን መመርመር ተወ? የመስኩን ዕዳ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መቁጠር ምን ይሉታል?

የካዛንቺስ ልጅ፦ ሁለታችሁም ማስረጃውን ሸሻችሁት። ለፍሮይድ ትርጓሜ «አዎ» ያለ አመነ፣ «አይደለም» ያለ ተከላከለ ይባላል፤ በሁለቱም ፍሮይድ ያሸንፋል። እንደ ሮጀርስ ስለ ሰው ዕድገት የጻፈው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ማስሎውም ሊንከንንና አንስታይንን የመሰሉ ደስ ያሉትን ሰዎች መርጦ፣ ጠባያቸውን «ራስን እውን ማድረግ» ብሎ ጻፈው። በየሥልጠናው አዳራሽ በስሙ የሚለጠፈው የሰው ፍላጎቶች ፒራሚድ እንኳ ስለ ፍላጎቶቹ በጻፈው በ1943ቱ ጽሑፉ ውስጥ የለም።

ሐና ከስድስት ኪሎ፦ ማስሎውን ማን ጠራው? የሥልጠናውን ጣጣ ለአሠልጣኞቹ ይተዉላቸውና ማስረጃ ካሉ ይኸው፦ ሮጀርስ ከተመካሪዎቹ ጋር ያደረገውን ንግግር በድምፅ እየቀዳ ለምርመራ አቅርቧል፤ በ1942 አንድን ተመካሪ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነጋገረበትን ሙሉ ቃል አሳትሟል። ፍሮይድ ግን የዶራን ታሪክ የጻፈው ሕክምናው ካበቃ በኋላ ከትዝታው ነው።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ቅጂው አማካሪው ያለውን ያሳያል፤ ሰው በተፈጥሮው ወደ በጎ ያድጋል የሚለውን የሮጀርስን እምነት ግን በየትኛው ካሴት ላይ ልስማው?

ዘፒያሳ፦ ካሴት የተነገረውን እንጂ የተደበቀውን አይቀዳም። እኔ የጠየቅሁት ስለተደበቀው ነው፤ እስካሁንም የመለሰልኝ የለም።

ሐና ከስድስት ኪሎ፦ የት ላይ ጠየቁ? ከላይ ጀምሬ ደግሜ አነበብኩት፤ ያነሡት ስለ ጭብጨባው ነው።