ናርዶስ ቅመም ነው ወይስ ሽቶ?

የናርዶስ አባት፦
ከአማቴ ጋር ተከራክሬ ነው የመጣሁት። ልጃችንን ናርዶስ ያልናት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የስሙ ዜማ ደስ ብሎኝ ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ «የሽቶ ስም ነው» እላለሁ። አማቴ ግን «ቅመም ነው፤ ወጥ ውስጥ የሚገባ» ብለው ድርቅ አሉ። የተሸነፈ ቡና ይጋብዛል ተባባልን። ሐሙስ ዕለት መርካቶ ወርጄ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ዘርግተው ከሚሸጡት አንዷን «ናርዶስ አለሽ?» ብላት «አለችኝ፤ ትምህርት ቤት ናት» አለችኝ። ዕቃውን በዓይኑ ያየ ሰው አለ?

የቆሎ ተማሪ፦
መኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 4 ከቀረፋና ከከርቤ ጋር ይቆጥረዋል። ዮሐንስ 12 ላይ ደግሞ ማርያም የጌታን እግር የቀባችበት ሽቱ ነው። ይሁዳ 300 ዲናር ይሸጥ ነበር ብሎ ያጉረመረመው በእሱ ነው። በማቴዎስ 20 የወይን አትክልት ሠራተኛ የቀን ምንዳው አንድ ዲናር ነውና የዓመት ደመወዝ ይጠጋል። የወጡን ነገር ለባለሙያዎቹ ትቻለሁ።

ከዱባይ፦
ወንድሜ፣ እኔ በእጄ ይዤዋለሁ። ዴይራ ባለው የቅመም ገበያ «ሱንቡል ሂንዲ» ብለው ቢጠይቁ ያወጡልዎታል፤ ህንዶቹ ጃታማንሲ ይሉታል። አበባ ስጠብቅ ጣት የሚያክል ጥቁር ቡናማ ሥር ሰጡኝ፤ ዙሪያውን ጭራ የመሰለ ፀጉር ለብሷል። «ጃታ» በሳንስክሪት የመናኝ የተንጨባረረ ፀጉር ነው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ሽታው? ልጅዎን አይቀየሙብኝ እንጂ፣ ዝናብ የመታው የፍየል ቆዳ ከእርጥብ አፈር ጋር። ሽቶ የሚሠራው ከሥሩ በሚወጣው ዘይት ነው።

የሚበቅለው ሂማላያ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ሥሩን ለማግኘት ተክሉን መንቀል ግድ ስለሆነ እየተመናመነ ሄዶ፣ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ይደረግበታል። ስሙም እንደ ዕቃው ረጅም መንገድ ተጉዟል፤ በሳንስክሪት «ናላዳ»፣ በዕብራይስጥ «ኔርድ»፣ በግሪክ «ናርዶስ»። እኛ የያዝነው የግሪኩን ነው።

አማትዎን ግን ይቅርታ ይጠይቁ። የጥንት ሮማውያን ምግባቸው ውስጥ ይጨምሩት ነበር፤ በአፒኪዩስ ስም በሚታወቀው የምግብ መጽሐፋቸው ውስጥ ተጽፏል።

የናርዶስ አባት፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ። የሮማውያኑን ነገር ሳነብላቸው አማቴ «ምን አልኩህ!» ብለው ጀበናውን አስጣዱኝ። የፍየሉን ቆዳ ግን ዘልዬዋለሁ፤ ባለቤቴ አጠገባችን ተቀምጣ ነበር።