ኮዬ ፈጬ፦ መብራት በሚቆራረጥበት ፋርማሲ የኢንሱሊን ፍሪጅ እንዴት ይያዝ?

ፋርማሲስቷ ከኮዬ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ አነስተኛ ፋርማሲ ነው። ኢንሱሊንና ኦክሲቶሲን (ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚሰጠውን መርፌ) የምናስቀምጠው ባለ አንድ በር የቤት ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ በረዶ ቤቱ እዚያው ውስጥ ከላይ አለ። መብራት ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ቴርሞሜትሩ ጠዋት ስንከፍት 1 ዲግሪ፣ ከሰዓት 9 ዲግሪ ያሳያል። መቆጣጠሪያው 5 ቁጥር ላይ ነው። ያለውን ኢንሱሊን ላስወግደው ወይስ ይሸጣል? ሌላ ፍሪጅ እስክንገዛስ በዚሁ እንዴት እንዝለቅ?

ቀዝቃዛ ሰንሰለት

እህቴ፣ ከ9ኙ ይልቅ 1ዱ ያስጨንቃል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ ለጥቂት ሰዓት 9 ቢደርስ ግን አይበላሽም። በረዶ ከሠራ ግን አበቃለት፣ ቢቀልጥም አይመለስም። ደመናማው ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤች የሚባለው፣ በእጅ መዳፍ ሲንከባለል ጠርሙሱ ላይ ፍርፋሪ ከተለጠፈ ወይም ጓል ከታየ አይሸጥም። ጥርት ያለው ኢንሱሊን፣ ሬጉላሩ፣ ግን በረዶ ሆኖ ቀልጦም ጥርት ብሎ ሊታይ ስለሚችል በዓይን አይፈረድም። ቴርሞሜትርሽ ደግሞ አንድ ዲግሪ ቢሳሳት 1 ያለው 0 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከበረዶ ቤቱ ሥር ወይም ከኋላው ግድግዳ ተጠግቶ የነበረውን ሁሉ ለይተሽ «አይሸጥም» ብለሽ ጻፊበትና አቅራቢውን አነጋግሪ።

ጠዋት 1 የሚሆነው የዚህ ዓይነት ፍሪጅ ቴርሞስታት የሚከታተለው የበረዶ ቤቱን ብርድ እንጂ የመደርደሪያውን ስላልሆነ ነው። ሌሊት በሩ አይከፈትም፣ ክፍሉም ይበርዳል፤ ያኔ መደርደሪያው ወደ በረዶ ቤቱ ብርድ ይጠጋል። ወደ 3 አውርጂውና አንድ ሙሉ ቀን ጠብቂ፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እንደገና ማስተካከል ሊያስፈልግ ይችላል።

የአትክልት መሳቢያውን አውጪና ቦታውን ውሃ በሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ሙዪው፤ በሩ ላይም እንዲሁ። ውሃው ብርዱን ይዞ ስለሚቆይ መብራት ሲሄድ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚጨምረው። መድኃኒቱ መሃል መደርደሪያ ላይ፣ ከኋላው ግድግዳ ራቅ ብሎ። ምሳ እቃ በፍጹም አይግባ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ኢንሱሊኑ ይከፍላል።

ቴርሞሜትሩንም ከፍተኛና ዝቅተኛውን ሙቀት በሚይዘው ባለ ሽቦ ቀይሪው። የሽቦውን ጫፍ ውሃ ባለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ነክረሽ ከመድኃኒቱ መሃል አስቀምጪ፤ አለዚያ በሩ ሲከፈት የሚገባውን አየር ነው የሚለካልሽ። ጠዋትና ማታ ሁለቱንም ቁጥር መዝግበሽ ሪሴት አድርጊ። አሁን ያለሽ ቴርሞሜትር ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስንት እንደነበረ አይነግርሽም።

የሰበታው

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የምጨምረው አለኝ። መብራት ሲሄድ ከበረዶ ቤት አይስ ፓክ አውጥቶ ኢንሱሊኑ ላይ መደርደር በብዙ ቦታ ይታያል። ኢንሱሊኑን በረዶ የሚያደርገው ይኸው ራሱ ነው። የግድ ከሆነ አይስ ፓኩ ውጭ ይቆይ፤ ሲወዘወዝ ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማ በኋላ በጨርቅ ወይም በካርቶን ተለይቶ ይግባ። ከሁሉ የሚሻለው በሩን አለመክፈት ነው። መብራት የሄደበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ።

መብራት ሲመጣም ጣጣ አለው። ከፍና ዝቅ የሚለው ኃይል ኮምፕረሰሩን ያቃጥላል፤ መብራት በመጣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ዘግይቶ የሚለቅ ስታቢላይዘር ይግባለት። ፍሪጁ ከውሃ ማፍያና ከኮምፒውተር ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ አይሰካ።

ኦክሲቶሲንን እንደ ኢንሱሊን አትቁጠሪው። ሙቀት ሲያገኘው መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉ ይቀንሳል፤ የሚሰጠው ደግሞ ደም እየፈሰሳት ላለች እናት ነው። ከ8 በላይ ስንት ሰዓት እንደቆየ መዝግበሽ አምራቹ ከጻፈው ጋር አስተያዪው፤ ማረጋገጥ ካልቻልሽ አትስጪው።

ፋርማሲስቷ ከኮዬ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ዛሬውኑ እጀምራለሁ። ከእኛ እጅ ከወጣ በኋላስ? ቤታቸው ፍሪጅ የሌላቸው ታካሚዎች አሉ።

ድራጊስት ከገላን

መንገዱን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ከተቀመጡ ሞተሩ ከሥር ስለሆነ መድኃኒቱን ከወንበሩ ሥር አያስቀምጡት፤ ፀሐይ በሚመታው መስኮት አጠገብም እንዲሁ። ፍሪጅ ለሌለው፣ በመጠቀም ላይ ያለው ጠርሙስ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ብዙውን ጊዜ 28 ቀን ይቆያል፤ ከምርት ምርት ስለሚለያይ ወረቀቱን አንብቢ። ቤቱ ቆርቆሮ ከሆነና ከሰዓት የሚግል ከሆነ ሁለት የሸክላ ማሰሮ ያዘጋጁ፦ ትንሹ ትልቁ ውስጥ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ፣ አፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ፣ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ። ኢንሱሊኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይግባ።

የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ በእኛ አቆጣጠር ጻፊላቸው። ጥር 5 ከተከፈተ «የካቲት 3 ይጣል» በይ። ፋብሪካው ያተመው ደግሞ የፈረንጅ ነው፤ 05/2026 የሚለውን በእኛ ያነበበ ሰው ገና ስምንት ዓመት ቀረው ይላል። ወሩ ብቻ ከተጻፈ እስከ ወሩ መጨረሻ ማለት ነው፤ «እስከ ግንቦት 23/2018» ብለሽ ለጥፊበት። ሰዓቱንም «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ብለሽ ሙሉውን ጻፊ። «ከቁርስ በፊት 1 ሰዓት» ከተባለ ከቁርስ አንድ ሰዓት ቀድሞ የሚወጋ አለ።

ኢንሱሊን ስትሰጪ ሲሪንጁን ሳታዪ አትሸኚ። ኢንሱሊኑ በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ሆኖ ሲሪንጁ ባለ 40 (በሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ተብሎ የተሰመረ) ከሆነ፣ «20» መስመር ላይ የሞላ ታካሚ ግማሽ ሚሊ ሊትር ወሰደ ማለት ነው፤ 50 ዩኒት። በዚህ መጠን ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ይስታል። በባለ 100 ሲሪንጅ እዚያው ፊትሽ ባዶውን እስከ መስመሩ ስበው ያሳዩሽ፤ ጣታቸው የት እንደቆመ እይ።