ለንደን ኦንታሪዮ ያላችሁ፣ የትኛውን ሬዲዮ ነው የምትሰሙት?

አዲስ ገቢ፦
ሰላም እናንተዬ። ከቶሮንቶ ወደ ለንደን በቅርቡ ነው የገባነው (የእንግሊዙ ሳይሆን የኦንታሪዮው)። ሥራዬ መኪና ውስጥ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ክፍት ነው፤ ግን ጣቢያ በቀየርኩ ቁጥር ያው ዘፈን፣ ያው የፍራሽ ማስታወቂያ። እኔ የምፈልገው የከተማውን ወሬ ነው። ካውንስሉ ምን ወሰነ፣ የቱ መንገድ ተዘጋ፣ በረዶ ሲጥል የተማሪ አውቶቡስ አለ ወይስ የለም። ከ420 ሺህ በላይ ሕዝብ ያለበት ከተማ ይሄን የሚነግረው ጣቢያ ያጣል? ደግሞ በአማርኛ ፕሮግራም ለመጀመር ያሰበ ሰው ካለ አለሁ በሉኝ።

የ401 ሾፌር፦
ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። 93.5 ኤፍኤምን እና 980 ኤኤምን መኪናህ ላይ ሴቭ አድርጋቸው፣ ለወሬ ይበቁሃል። 93.5 ሲቢሲ ነው፣ የካናዳ የሕዝብ ማሰራጫ፣ ማስታወቂያ የሚባል ነገር የለውም። የጠዋቱ ፕሮግራም እዚሁ ከተማ ነው የሚሠራው፣ በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ። የከሰዓቱ ግን ከዊንዘር ከተማ ጋር የጋራ ስለሆነ የነሱን የድንበር ድልድይ ወሬም አብረህ ትሰማለህ። 980 የንግግር ጣቢያ ነው፣ ዕድሜው በፈረንጆቹ ከ1922 የሚቆጠር ሽማግሌ። መኪናህ ኤሌክትሪክ ከሆነ ግን ኤኤም ላይ ተስፋ አታድርግ፤ ሞተሩ ራሱ ይረብሸዋል፣ አንዳንዱ መኪና ላይ ጭራሽ አውጥተውታል።

ዝም አልልም፦
"ይበቁሃል" ማለት ቀላል ነው። ሌላ የወሬ ጣቢያ ነበረን እኮ፣ 1290። ቤል የሚባለው የስልክና የሚዲያ ኩባንያ በፈረንጆቹ ሰኔ 2023 በአንድ ቀን ዘጋው፣ እሱን ብቻ አይደለም፣ ቫንኩቨር ሁለት፣ ካልጋሪ፣ ኤድመንተን፣ ዊኒፔግ እያለ በጠቅላላው ስድስት የኤኤም ጣቢያ። ምክንያቱ ኪሳራ ነው አሉ፤ ይሁን፣ ግን ካውንስል ስብሰባ ላይ የሚቀመጥ ጋዜጠኛ አንድ በቀነሰ ቁጥር የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ለናንተ ልተወው። የሙዚቃ ጣቢያዎቹ ደግሞ ብዙ ሰዓት አቅራቢው ቀድሞ የቀዳው ነው፣ አንዳንዴም ሌላ ከተማ ተቀምጦ። መለየት ከፈለግህ ድንገት ዝናብ ሲጥል አዳምጠው። ስለ ዝናቡ ትንፍሽ ካላለ እዚህ የለም ማለት ነው። የዘፈኑ መደጋገምም ወዶ ብቻ አይደለም፤ በሕጉ ከሚያጫውቱት ታዋቂ ሙዚቃ 35 በመቶው የካናዳ መሆን አለበት፣ እነሱ ደግሞ ከዚያ ውስጥ የታወቁትን ጥቂቶች ብቻ ነው የሚያሽከረክሩት።

የሦስት ልጆች እናት፦
ስለ በረዶው እኔ ልንገርህ። ከሂውረን ሐይቅ የሚመጣው በመስመር በመስመር ነው የሚወርደው። መሃል ከተማ መንገዱ ደረቅ ሆኖ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ሉካን ስትሄድ የፊትህን መኪና አታይም። ስልኩ ላይ ያለው አፕ "ለንደን፣ ከፊል ደመና" ብሎህ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ልጆቹን ሳልቀሰቅስ በፊት ወጥ ቤት ያለችውን ትንሿን ሬዲዮ ነው የምከፍተው። በ402 አውራ ጎዳና በኩል የምትሠራ ከሆነ ደግሞ በደንብ ስማ ወንድሜ፤ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2010 ሳርኒያ አካባቢ በመቶ የሚቆጠር ሰው መኪናው ውስጥ እንዳለ በረዶ ውጦት አድሯል። እዚያ ስልክ ባትሪው ሲያልቅ የሚቀረው የመኪና ሬዲዮ ነው።

የካምፓሱ ልጅ፦
ስለ አማርኛው ፕሮግራም ማንም አልመለሰም። 94.9 የዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ 106.9 የፋንሻው ኮሌጅ። የካምፓስ ጣቢያ የሚቆመው በበጎ ፈቃደኛ ነው፣ ስለዚህ ተማሪ ባትሆንም መጀመሪያ 94.9ን ጠይቅ። ሐሳብህን በአንድ ገጽ ጻፍ፣ ናሙና ቅዳ፣ ሥልጠና ካሉህ ግባ። ሰው የሚወድቀው ግን እዚህ ላይ አይደለም። ሁሉም መጀመሪያ ሰሞን ይሯሯጣል፣ ክረምቱ ሲበረታ ስቱዲዮው ውስጥ የሚገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ቢያንስ አራት ሆናችሁ በተራ ካልያዛችሁት አትጀምሩት። ማን ዜና ያነባል፣ ማን ማሽኑን ይነካል፣ ማን እንግዳ ይጋብዛል፣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አዲስ ገቢ፦
ተባረኩ። 93.5 እና 980 ገብተዋል፣ መኪናዬ ቤንዚን ነው። ለአማርኛው እኔ አንድ፣ ሦስት ሰው ይቀራል። ማሽን የሚነካ ያስፈልጋል፣ እኔ ወሬ ብቻ ነው የምችለው።

የሦስት ልጆች እናት፦
ቅዳሜ ከሆነ እኔ አለሁ። እሑድ አይሆንም፣ ቤተ ክርስቲያን ነኝ።