ሃይናን ደሴት ላይ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ማየት እፈልጋለሁ፤ የት ልሂድ? መቼስ?

የመርካቶዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለንግድ ወደ ጓንግዡ ስሄድ የዘንድሮው አራተኛዬ ነው። የኩሽና ዕቃ ስለማስመጣ በካንቶን አውደ ርዕይ ሁለተኛ ዙር ላይ እገኛለሁ፤ እሱም ሚያዝያ 19 ያበቃል። እስካሁን ከቻይና ያየሁት መጋዘን፣ ሊፍትና የጭነት ቢሮ ብቻ ነው። አሁን ግን ለራሴ አምስት ቀን ቆርጬ አስቀምጫለሁ።

በደቡብ በኩል ሃይናን የሚባል ሞቃታማ ደሴት እንዳለ፣ እዚያም ቤታቸውን ባሕር ላይ ያደረጉ ዓሣ አስጋሪዎች እንደሚኖሩ ሰማሁ። ባለ መዋኛ ገንዳ ሆቴል አልፈልግም፤ እሱ ዱባይም ሞልቷል። መረብ ሲጠገን፣ ዓሣ ከጀልባ ሲራገፍ የሚታይበት መንደር ነው የምፈልገው። ሚያዝያ 22 ገብቼ ሚያዝያ 26 ልመለስ አስቤአለሁ። የምጠይቃችሁ ይህን ነው፤ የትኛው መንደር ይሻላል? በንግድ ቪዛዬ መሄድ እችላለሁ? ብቻዬን ነኝ፤ ቻይንኛዬም «ስንት ነው» እና «ቀንስልኝ» ከማለት አያልፍም። ምግቡም ያሳስበኛል። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾሙ አያስጨንቀኝም፤ ነገር ግን ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አልበላም። አሳማም ያው ነው።

ሃይኮ_ተማሪ
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ቀኑን ቀይሪ። የመረጥሽው ጊዜ ከዓመቱ ውስጥ የመጨረሻው መጥፎ ነው፤ ያውም በሁለት ምክንያት።

አንደኛው፣ ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ነው። በአገራችን አንድ ቀን ተከብሮ ያልፋል፤ እዚህ ቻይና ግን የዘንድሮው ዕረፍት አምስት ቀን ነው። ቻይና በሙሉ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሃይናን የሚወርድ ነው የሚመስለው። የአልጋ ዋጋ በእጥፍና ከዚያም በላይ ይወጣል፤ የባቡር ትኬት አስቀድሞ ያልቃል።

ሁለተኛው ይብሳል። በደቡብ ቻይና ባሕር በየዓመቱ የማስገር እገዳ አለ፤ ዓሣው እንዲራባ ተብሎ። ሚያዝያ 23 ልክ እኩለ ቀን ላይ ይጀምርና ነሐሴ 10 እኩለ ቀን ላይ ያበቃል። በመንጠቆ ከሚያጠምዱት በስተቀር መረብ የሚጥል ጀልባ ሁሉ ወደብ ገብቶ ይታሰራል። አንቺ ያሰብሽው የዓሣ ማራገፍ ሥራ በዚያች ሰዓት ይቆማል ማለት ነው። ስለዚህ አውደ ርዕዩ እንዳለቀ በማግስቱ ሚያዝያ 20 ተነሺ፣ 23 ጠዋት ሳይረፍድ ውጪ። ሦስት ቀን ይበቃሻል። እንዲያውም ከ21 ጀምሮ ጀልባዎቹ አንድ በአንድ እየተመለሱ ወደቡን ሲሞሉት ታያለሽ፤ በሌላ ጊዜ የማይገኝ ትርኢት ነው።

ወደ መንደሮቹ ስንመጣ ሦስቱን አውቃቸዋለሁ።

ሺንጹን የሚባለው በሊንግሹዊ ወረዳ ያለ ወደብ ነው። አንቺ የሰማሽው ይህንን ይመስለኛል። ዳንጅያ የሚባሉት የባሕር ሰዎች የሚኖሩት እዚህ ነው። ሳንቃ በተንሳፋፊ ነገር ላይ አስረው፣ በመካከሉ መረብ ወደ ውኃው አውርደው ዓሣ ያረባሉ፤ ቤታቸውም እዚያው ሳንቃው ላይ ነው። ውሻ አለ፣ ልብስ ማስጫ አለ፣ የአበባ ማሰሮ ሳይቀር አለ። እውነቱን ለመናገር ግን የድሮ ፎቶ አይተሽ እንዳትመጪ። የሰላጤውን ውኃ ለማጽዳት ተብሎ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ብዙዎቹ ተነስተዋል፤ ከቀሩትም የምግብ ቤትነት የበረታባቸው አሉ። ቢሆንም ወደቡ በሕይወት ያለ ወደብ ነው። ከመንደሩ ማዶ የጦጣ ደሴት የሚባል ጥብቅ ሥፍራ አለ፤ ወደዚያ የሚወስደው የገመድ መኪና 2 ኪሎ ሜትር ያህል በባሕሩ ላይ ይሄዳል፤ ተንሳፋፊ ቤቶቹን ከላይ የምታይው ከእሱ ነው። ጦጦቹ ከረጢት ይነጥቃሉ፤ ፓስፖርትሽን ልብስሽ ውስጥ አድርጊ።

ታንመን በምሥራቅ ጠረፍ፣ በቺዮንግሃይ ከተማ ሥር ነው። የእነዚህ ሰዎች አባቶች ከቅርብ ባሕር አያስግሩም ነበር፤ ሩቅ ወደሆኑት የደቡብ ባሕር ደሴቶች ነበር የሚጓዙት። መንገዱን በእጅ በተጻፈ ደብተር ይዘውት ነበር፤ ከየት ተነስተህ በየትኛው የኮምፓስ አቅጣጫ ስንት ሰዓት ብትሄድ የት ትደርሳለህ የሚል ነው። ደብተሮቹን እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያው በተከፈተው የደቡብ ቻይና ባሕር ሙዚየም ማየት ይቻላል።

ሦስተኛው ሆውሃይ ነው፤ በደሴቱ ደቡብ ካለችው ከሳንያ ከተማ በመኪና የሚደረስ። ስሙ የዓሣ አስጋሪ መንደር ነው፣ ዛሬ ግን በማዕበል ላይ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ከተማ ሆኗል። አልመክርሽም።

ምክሬ ሺንጹን ነው። ከሳንያ ወደ ሊንግሹዊ ባቡሩ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ከጣቢያው ወደብ ድረስ በታክሲ ትሄጃለሽ። ማታ ግቢና እዚያው እደሪ። ዓሣው የሚራገፈው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ከሳንያ ጠዋት ተነስቶ የሚመጣ ሰው ታጥቦ የደረቀ ወለል ነው የሚያገኘው።

ጓንግዡ_ነዋሪ
ስለ ቪዛው ልመልስ። ሃይናን ለብዙ አገር ዜጎች ያለ ቪዛ መግባት ትፈቅዳለች ሲባል ሰምተሽ ከሆነ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። አንቺን ግን አይመለከትሽም፤ የያዝሽው የቻይና ቪዛ እዚያም ይሠራል፤ ቀኑን ብቻ ቁጠሪ። ትልቁ ወጥመድ ሌላ ነው። ርካሽ ትኬት አገኘሁ ብለሽ በሆንግ ኮንግ በኩል እንዳትዞሪ። ሆንግ ኮንግ ስትገቢ ከቻይና እንደወጣሽ ይቆጠራል፤ ቪዛሽ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ እዚያው አበቃ። ሻንጣው ጓንግዡ፣ ባለቤቱ ሆንግ ኮንግ የቀረ ወዳጅ አለኝ።

ከጓንግዡ ሳንያ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ጊዜ ቢኖርሽ የሌሊቱን ባቡር እመክርሽ ነበር፤ ባሕሩ ጋ ሲደርስ ተቆራርጦ ከነተሳፋሪው መርከብ ላይ ይጫናል። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ እንደ ሕፃን መስኮት ላይ ተለጥፌ ነው ያደርኩት። ለሦስት ቀን ጉዞ ግን አያዋጣም።

ክፍያን በተመለከተ፣ አሊፔይን ከአገርሽ ሳትወጪ ስልክሽ ላይ ጫኚና ዓለም አቀፍ ካርድሽን አስገቢበት። ከ200 ዩዋን በታች ለሆነ ግዢ ተጨማሪ አያስከፍልም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን 3 በመቶ ይቆርጣል። ታክሲም በእሱ ትጠሪያለሽ። ካርዱ እንቢ ቢል ብለሽ ጥሬ ገንዘብም በትንንሽ ኖት ያዢ።

ማደሪያ ስትይዢ ደግሞ ተጠንቀቂ። የውጭ አገር ሰው ያደረበት ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ ሆቴል ከሆነ ራሱ ያስመዘግባል፣ የሰው ቤት ካደርሽ ግዴታው የአንቺና የባለቤቱ ነው። እኔ አንድ የባሕር ዳርቻ የእንግዳ ማረፊያ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ደርሼ፣ ባለቤቱ ፓስፖርቴን እያገላበጠ አንድ ሰዓት ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ «ኢትዮጵያ»ን ፈልጎ አጣት። በመጨረሻ ሻይ አጠጥቶ ሸኘኝ። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት «የውጭ ፓስፖርት ትመዘግባላችሁ ወይ?» ብለሽ በጽሑፍ አስመልሺ።

አንድ ሌላ ነገር። ሳንያ አካባቢ የባሕር ኃይል ሰፈር አለ። ግራጫ መርከብ ካየሽ ካሜራሽን ዝቅ አድርጊ።

የጣና_ልጅ
ስለ ዳንጅያዎቹ ትንሽ ልጨምር፤ የጣና ዳር ልጅ ስለሆንኩ ታሪካቸው ልቤን ይነካኛል። በቻይና ነገሥታት ዘመን የባሕር ሰዎች ተብለው ከየብስ ሰው ተለይተው ነበር የሚኖሩት። መሬት ላይ ቤት መሥራት፣ ከየብስ ሰው ጋር መጋባት፣ ለሹመት ፈተና መቀመጥ የተከለከሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1729 ዮንግዠንግ የተባለው ንጉሠ ነገሥት ወደ የብስ ወጥተው እንዲኖሩ ቢፈቅድም ንቀቱ በአንድ አዋጅ አልጠፋም። ይህን ሳነብ በእኛ ሐይቅ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች ትዝ አሉኝ፤ ሁሉም ዓሣቸውን ይፈልጋል፣ ማዕዳቸውን ግን ስንቱ ቀርቧል? «ዳንጅያ» የሚለውም ስም በድሮ ጊዜ ስድብ ነበር፤ ዛሬ የምግብ ቤት ምልክት ላይ በኩራት ይጽፉታል። ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት በእጅሽም ቢሆን አስፈቅጂ።

የመርካቶዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ትኬቱን ወደ ሚያዝያ 20 ቀይሬአለሁ፤ የሠራተኞች ቀኑን ጉዳይ ማንም አልነገረኝም ነበር። ታንመንን ልተወው ነው፣ ሺንጹን ላይ ሁለት ሌሊት አድራለሁ። አንዲት ደንበኛዬ ግን የታንመን የዛጎል ጌጥ ታዋቂ ነው ብላ ጥቂት እንዳመጣላት ጠይቃኛለች። በሊንግሹዊስ ይገኛል?

ሃይኮ_ተማሪ
እንዳትነኪው! ደንበኛሽ የሰማችው የግዙፉን ባሕር ዛጎል ነው። ታንመን ድሮ በእሱ የታወቀች ነበረች፤ እሱን ለማውጣት የኮራል ድንጋዩን ሲያርሱት ባሕሩ ተበላሸ፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ ሽያጩ በሃይናን ተከልክሏል። በዓለም አቀፍ ንግድም ቁጥጥር ያለበት ፍጥረት ነው። ኮራልና የኤሊ ቅርፊትም እንዲሁ። ማስታወሻ ከፈለግሽ የሊ ብሔረሰብ ሴቶች የሚሠሩትን ጥልፍና ሸማ ግዢ፤ አሠራሩን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 መዝግቦታል።

ኑር_ድሬ
ስለ ምግቡ የኔ ቢጤ ጥንቁቅ ሰው ይመልስልሽ። ሙስሊም ነኝ፤ አሳማውን አብረን እንሸሻለን፤ ሸርጣኑን ግን እኔ ስበላ አንቺ ታያለሽ።

የሚያስቸግርሽ የሚታየው አይደለም። ሽሪምፕ፣ ሸርጣን፣ ስኩዊድ በዓይን ይለያሉ። የማይታየው ኦይስተር ከሚባል የባሕር ዛጎል የሚሠራው የኦይስተር ወጥ ነው፤ ጎመን አዘዝኩ ብለሽ ስትደሰቺ እሱን አፍስሰውበት ያመጡልሻል። ከሩዝ ዱቄት ከሚሠራው የሊንግሹዊ ኮምጣጣ ፓስታም ውስጥ የባሕር ደረቅ ነገር አይጠፋም። ስለዚህ በቻይንኛ አጽፈሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ፤ «ቡ ያዎ ጁሮው» ያለ አሳማ፣ «ቡ ያዎ ሃኦዮው» ያለ ኦይስተር ወጥ። ዓሣ ስታዝዢ «ሺባን» በያቸው፤ ቅርፊቱም ክንፉም የተሟላ ነው። «ጪንግ ጀንግ» ካልሽ በዝንጅብልና በሽንኩርት በእንፋሎት አብስለው ይሰጡሻል። የደሴቱ ቢጫ በርበሬ ድልህ ግን ተጠንቀቂው፤ ሚጥሚጣ ለመድኩ ብዬ በማንኪያ ወስጄ አልቅሻለሁ።

ነጋዴ ስለሆንሽ ሚዛኑ ይገባሻል። ዓሣ የሚሸጠው በ«ጂን» ነው፤ አንድ ጂን ግማሽ ኪሎ ነው። አንዳንዱ ምግብ ቤት ግን ዋጋውን በ«ልያንግ» ይጽፋል፤ የጂን አንድ አሥረኛ፣ 50 ግራም ማለት ነው። ርካሽ መስሎሽ ታዝዢና ሒሳቡ ሲመጣ ትደነግጫለሽ። ከፕላስቲኩ ውስጥ ውኃውን አስደፍተሽ አስመዝኚ። ከገበያ ገዝተሽ አጠገቡ ላለ ምግብ ቤት የማብሰያ ብቻ መክፈልም የተለመደ ነው።

ሳንያ ላይ የምታድሪ ከሆነ ከአየር ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ የሙስሊሞች መንደሮች አሉ፤ ሁዊሁዊ እና ሁዊሺን ይባላሉ። ሰዎቹ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከዛሬዋ ቬትናም ጠረፍ የመጡ ናቸው፤ ቋንቋቸውም የራሳቸው ነው። እኔ ጁምዓ የሰገድኩት እዚያ ነው። አሳማ ከሌለበት ድስት መብላት ለፈለገ ሰው፣ ክርስቲያንም ቢሆን፣ ልብ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ጓንግዡ_ነዋሪ
ሃይኮ_ተማሪ ሆውሃይን «አልመክርም» ያለው ትንሽ ከረረ። እህታችን ብቻዋን ነች፣ ቋንቋም አትችልም። ሆውሃይ ላይ እንግሊዝኛ የሚሞክር አይጠፋም፣ ማረፊያዎቹም የውጭ ሰው ለምደዋል። ሺንጹን ካልተመቸሽ ወደዚያ ዝለቂ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሃይኮ_ተማሪ
እሺ፣ በዚህ ተረትቻለሁ። በእግረ መንገድሽ ግን ከሊንግሹዊ በስተሰሜን ሺንግሎንግ የሚባል የቡና ሥፍራ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ከማላያ የተመለሱ ቻይናውያን የሰፈሩበት። ሮቡስታ ነው፣ ይመርራል። የቡና አገር ሰው ነኝ ብለሽ እዚያ ፊትሽን እንዳታጨፈግጊባቸው።

የመርካቶዋ
ተመልሻለሁ፤ ለመከራችሁኝ ሁሉ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ሺንጹን ሁለት ሌሊት አደርኩ፤ ማረፊያውን አስቀድሜ በጽሑፍ ጠይቄ ስለነበር ምዝገባው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሚያዝያ 22 ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደቡ ላይ ነበርኩ። በረዶ የሚፈጭ ማሽን ይጮኻል፣ ሴቶቹ ሰፌድ በሚያህል ኮፍያ ሥር ዓሣውን በመጠንና በዓይነት ይለያሉ፣ አንዳቸውም ቀና ብለው አያዩም። መርካቶ እንደመጣሁ ነው የተሰማኝ። ከሰዓት በኋላ ጀልባዎቹ ቦታ እስኪያጡ ድረስ ጎን ለጎን ታሠሩ። የገመድ መኪናውን ሄጄበታለሁ፤ ጦጣ አንድ ሙዝ ወሰደብኝ፣ ፓስፖርቴ ደኅና ነው።

አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። በትንሽ ጀልባ ወስደውኝ ተንሳፋፊ ቤት ላይ ሺባን በላሁ። የቤቱ እናት በጣም ደግ ናቸው፤ ሳህናቸውም እኔ ከጓንግዡ የማስመጣው ዓይነት ሆኖ አገኘሁትና ሳቅ አመለጠኝ። የዓሣውን አንድ ጎን ጨርሼ ልገለብጠው ስል ግን እናትየዋ ከወንበራቸው ተነስተው እጄን ያዙኝ። ከዚያ አጥንቱን በቀስታ አንስተው ከሥሩ ያለውን ሥጋ ራሳቸው አወጡልኝ። አጠፋሁ እንዴ?

የጣና_ልጅ
አላጠፋሽም፣ አላወቅሽም እንጂ። ባለ ጀልባ ቤት ዓሣ አይገለበጥም፤ ዓሣው ከተገለበጠ ጀልባውም ይገለበጣል ይላሉ። የእናትየዋ ልጅ ወይም ባል የዚያን ዕለት ባሕር ላይ ሳይኖር አልቀረም።

የመርካቶዋ
ልጃቸው ነበር። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ገባ።