ካቮ ከተቀየረ በኋላ የጀልባው ሞተር የኋላ ማርሽ አልይዝ አለ፣ ሚኒሞውም አልወርድ ብሏል

ጥያቄ፦ ባለጀልባው
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 40 ፈረስ ጉልበት አውትቦርድ (ከጀልባው ኋላ በውጭ የሚታሰር) ሞተር አለኝ። ማርሹም ነዳጁም የሚታዘዘው ከመሪው አጠገብ ባለ አንድ እጀታ ነው። ሁለቱም ካቮዎች (ከእጀታው ወደ ሞተሩ የሚሄዱት የሽቦ ገመዶች) ዝገው ስለጠነከሩ በአዲስ ተቀየሩ። የፊት ማርሽ ደህና ይገባል። የኋላው ግን ይንገጫገጫል፣ ነዳጅ ስጨምርበት ደግሞ ይወጣል። ፎሌ ላይ (ማርሽ ያልገባበት መሃል) ስመልሰውም ሞተሩ ይጮኻል። የሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይጨመር ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት) ብሎን ልንካው ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ማዕበል
ብሎኑን ትንሽ ፍታው፣ ጩኸቱ ይቀንሳል። ማርሽ የሚንገጫገጨውም ሞተሩ ስለሚጮህ ሊሆን ይችላል።

የድሮ መካኒክ
ኧረ ወንድሜ፣ ብሎኑን ለጊዜው ተወው። ካቮው የነዳጁን ክንድ ከማቆሚያው አንጠልጥሎት ከሆነ ብሎኑን ብትፈታው ምንም አይለወጥም፤ በኋላ ካቮው ሲስተካከል ደግሞ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይጠፋብሃል።

ሞተሩን አጥፋ፣ የደህንነት ገመዱን ንቀል፣ የካንዴላ ገመዶቹንም አውጣ። ፕሮፔለሩን በእጅ ስለምታዞር ይቺን እንዳትዘላት። ከዚያ ሁለቱንም ካቮዎች ከሞተሩ በኩል ፍታና የማርሹን ክንድ በእጅህ ወደ ኋላ አስገባ፤ ሌላ ሰው ፕሮፔለሩን ቀስ እያለ ያዙርልህ። ሳይዞር አይገባም፣ ጥርስ ለጥርስ ስለሚጋጠም፤ ስለዚህ በጉልበት አትግፋው። በእጅ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ፕሮፔለሩ ከተቆለፈ ችግሩ ከካቮው ልክ ነው። በእጅም ሙሉ በሙሉ ካልገባ ማስተካከል አያድነውም፣ የማርሽ ቤቱ ይታይ።

ሁልጊዜ መጀመሪያ የማርሹ ካቮ ነው። እጀታውን ፎሌ ላይ አቁም፣ የሞተሩንም ክንድ ፕሮፔለሩ በሁለቱም በኩል በነፃ የሚዞርበት ቦታ ላይ አድርግ። አሁን የካቮውን ጫፍ ግፋው፣ የቆመበትን ምልክት አድርግ፤ ሳበው፣ እዚያም ምልክት አድርግ። የሁለቱ መሃል እውነተኛው ፎሌ ነው። ብዙ ሰው ጫፉን ስቦ ይለካና መሃሉን ይስታል፤ ያኔ አንዱ ማርሽ ጥሩ ይገባል፣ ሌላው በግማሽ ይቀራል። የአንተም ይህን ይመስለኛል። ካቮው ላይ ያለውን የሚዞር ማስተካከያ አዙረህ ቀዳዳው ሳይሳብና ሳይገፋ ፒኑ ላይ እንዲቀመጥ አድርግ፣ ኮፒሊያውንም (ፒኑ ላይ የሚሰካውን መያዣ ሽቦ) መልስ።

የነዳጁ ካቮ ቀጥሎ ነው። እጀታው ፎሌ ላይ እንዳለ ክንዱን በእጅህ ከማቆሚያው አስጠጋ፣ ካቮውም በስሱ እንዲጫነው አስተካክል። በክንዱና በማቆሚያው መሃል ቀጭን ወረቀት አስገብተህ ሳበው፦ ትንሽ ያዝ አድርጎ ሳይቀደድ ከወጣ ልክ ነው። ከተቀደደ ካቮው በዝቶበታል፣ እጀታውም ይከብድሃል። ያለምንም መያዝ ከወጣ ላልቷል።

ቁልፍ 12
ሁለት ነገር ልጨምር። የካቮው ጫፍ እንደ ብሎን በጥርስ እየዞረ የሚገባ ከሆነ ዳር ላይ አታንጠልጥለው፤ ያማሃ በመመሪያዎቹ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር እንዲገባ ያዛል። ማጥበቂያ ዳዶውንም አትርሳ። ሌላው፣ ስትጨርስ ሞተሩን እስከ ጥግ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙረው። ሚኒሞው ከተለወጠ ካቮው የሆነ ቦታ ላይ ተቆልምሟል ወይም አጥሯል ማለት ነው።

ባለጀልባው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በእጅ ሲሞከር የኋላው ማርሽ ደህና ተቆለፈ። የመሃሉን ምልክት ተከትዬ ካስተካከልኩት ወዲህ አይወጣም፣ ሚኒሞውም ወርዷል። አሁን የቀረው፣ እጀታውን እስከ መጨረሻ ብገፋውም የነዳጁ ክንድ የላይኛውን ማቆሚያ አይነካም።

የድሮ መካኒክ
በሞተሩ በኩል ያለውን ማስተካከያ እንዳትነካው፣ ሚኒሞውን መልሰህ ታበላሻለህ። የእጀታውን ሳጥን ክፈት። በአንዳንዶቹ ካቮው የሚታሰርበት ክንድ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ከመዞሪያው የራቀው ካቮውን ይበልጥ ያስኬደዋል። ካቮው በቅርቡ ቀዳዳ ላይ ገብቶ እንደሆነ እይ። የውጭ ሽፋኑም በማሰሪያው በደንብ ካልተያዘ እጀታው ሲገፋ አብሮ ይንሸራተትና ጉዞውን ይበላል። ከነካካኸው በኋላ የወረቀቱን ሙከራ ድገመው። ውሃ ላይ ስትወጣም መጀመሪያ እንደታሰረ፣ በሚኒሞ፣ ፊትና ኋላ ሞክረው። ማርሹን ስታስገባ ደግሞ አታባብለው፤ ቆረጥ አድርገህ አስገባ፣ ቀስ ሲባል ነው ጥርሱ የሚበላው።