ልደት ላይ ለሚመጡ ልጆች መሸኛ ቦርሳ ልስጥ ወይስ ይቅር?

የሶልያና እናት (ሰሚት)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ልጄ ኅዳር 27 ቀን 5 ዓመት ይሞላታል። ኬጂ 2 ናት። ልደቷን በዚያው ሳምንት እሁድ እዚሁ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ልናከብርላት አስበናል። የክፍል ጓደኞቿ፣ የብሎካችን ልጆችና የአክስቶቿ ልጆች ሲደመሩ 22 ይሆናሉ። ኬኩ፣ ፈንዲሻው፣ ለስላሳው አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ልጆቹ ሲሄዱ የሚሰጣቸው ነገር ነው።

ዘንድሮ በሄድንበት ልደት ሁሉ ሲወጡ በር ላይ ቦርሳ ይታደላል። የባለልደቱ ልጅ ፎቶ ታትሞበታል። ውስጡ ችብስ፣ ቸኮሌት፣ ማስቲካ፣ ፊሽካ፣ ፊኛ፣ አንዳንዴም ትንሽዬ መኪና አለ። ልጄ ከአሁኑ «እማዬ፣ የኔ ቦርሳ ሮዝ ነው አይደል?» እያለችኝ ነው። አዘጋጅተው የሚሸጡ ሰዎችን ጠየቅኩ። ለአንዱ 300 ብር አሉኝ። ለ22 ልጅ 6,600 ብር ማለት ነው። ለኬኩ ካሰብነው ይበልጣል። ባለቤቴ «የትምህርት ቤት ክፍያ እየመጣ ነው፣ ይቅርብን» ይላል። እኔ ደግሞ ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ሲወጡ ማየት አልፈልግም። ሁሉም የሚሰጠውን እኛ ብቻ ስንተወው ልጄ እንዳትሸማቀቅም እፈራለሁ።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ትሰጣላችሁ? ከሰጣችሁስ ምን?

የሁለት ልጆች አባት

እኔ ይቅር ባይ ነኝ። ልጁ ተጋብዞ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ሲጫወት ውሎ ነው የሚሄደው። ሌላ ምን ይጨመርለት? አንዱ ሲጀምር ሌላው ሳይወድ በግዱ ይከተላል። እኛ ብሎክ ላይ አንዲት እናት ቦርሳውን መሙላት ስላልቻለች የልጇን ልደት ሳታከብር ቀርታለች። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። አንድ ሰው ደፍሮ ካልተወው አይቆምም።

መምህርት ነኝ

የሶልያና እናት፣ እንኳን ለልጅሽ ልደት አደረሳችሁ። እኔ ኬጂ ነው የማስተምረው፤ የምነግርሽ ክፍሌ ውስጥ የማየውን ነው።

እሁድ ልደት ከነበረ ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። ገና ሰልፍ ላይ ፊሽካ ይነፋል። ጎማዋ የወለቀ መኪና ይዞ የሚያለቅስ ልጅ ይመጣል። ያልተጠራው ልጅ ደግሞ አለ። ዝም ብሎ ነው የሚያየው። ልደት እንደነበረ፣ እሱ እንዳልተጠራ፣ ቦርሳው ራሱ ይነግረዋል። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው። ስለዚህ የምትሰጪው ነገር ቤት ገብቶ እዚያው የሚያልቅ ይሁን። ሰኞ ትምህርት ቤት የሚመጣ አይሁን።

ግን ጭራሽ ይቅር አልልም። ከላይ የጻፍከው ወንድሜ፣ ስለዚያች እናት ያልከው ልክ ነው። ሆኖም ልጅን ባዶ እጁን አለመሸኘት ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። እኔ ያደግኩት ደሴ ነው። እናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ነበረች። በ21 ማኅበሯ ውላ ስትመለስ እኔና ወንድሞቼ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃታለን። ነጠላዋ ጫፍ ላይ የተቋጠረ ዳቦ አለ። አንዳንዴ ቆሎም ይኖረዋል። ቋጠሮውን ፈታ እየቆረሰች ታድለናለች። ከእኛ ጋር ሲጫወት የነበረው የጎረቤት ልጅም ይደርሰዋል። ቡሄ ላይም ነሐሴ 13 የሚጨፍሩ ልጆች ሙልሙል ሳይቀበሉ ከደጅ አይሄዱም። ከድግስ ቤት የሚመጣ ነገር ለቤት ነበር የሚመጣው። የአሁኑ ቦርሳ ግን የአንድ ልጅ ብቻ ነው። ስም ተጽፎበታል፣ ታናሽ ከነካው ጠብ ነው። እኔ ቅር የሚለኝ እዚህ ላይ ነው።

ልጆቹ ግን ማካፈል አይጠፋቸውም። አምና ክፍል ውስጥ የአንዱ ልጅ ልደት ተከብሮ ኬክ ተቆረሰ። አንዲት ልጅ ግማሹን በላችና ግማሹን በሶፍት ጠቅልላ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ከተተች። ክሬሙ ከሶፍቱ ጋር ተጣብቋል። «ለምን አትጨርሺውም?» ስላት «ለሚጣ ነው» አለችኝ። ሚጣ ታናሿ ናት። ችብስና ፊሽካ ለሚጣ ምን ያደርግላታል?

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። አምስት ዓይነት ነገር አትስጪ፤ አንድ ነገር ስጪ፣ የሚቆረስ ነገር። ትንሽ አምባሻ ወይም ዳቦ ጋግረሽ በወረቀት ከረጢት አድርጊው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፤ የወንድ የሴት ተብሎ አይለይ። ከ22ቱ በላይ ጥቂት ጨምሪ። ኮንዶሚኒየም እንደምታውቂው ነው፤ ታናሽ ተከትሎ ይመጣል፣ የጥበቃው ልጅም በር ላይ አለ።

ሌሎች ነገሮችም አሉ። ቦርሳው የሚገባው ታናናሾች ያሉበት ቤት ነው። ያልተነፋ ፊኛ ወይም የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ሕፃን አፍ ውስጥ ከገባ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ አየር ይዘጋል። ድቡልቡል ከረሜላና ኦቾሎኒም ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ያስፈራሉ። ኦቾሎኒ አለርጂ የሚሆንበት ልጅም አለ። ከመኪናዋ የምትወልቀው ጎማ አፍ ውስጥ ለመግባት ልክ ናት። ይሄን ስል ላስፈራራሽ አይደለም፤ ሁሌ ክፍሌ ወለል ላይ የምለቅመው ስለሆነ ነው።

ኅዳር 27 ደግሞ ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል፣ የሚፈታው ገና ነው። ከ7 ዓመት በታች ያሉት ባይጾሙም ታላላቆቻቸውና እናቶቻቸው ይጾማሉ። ወተት ያለበት ቸኮሌት እቤት ገብቶ ማን ይካፈለዋል? የሙስሊም ጎረቤቶችሽ ልጆችም ይመጣሉ። ማርሽማሎና እንደ ላስቲክ የሚሳበው ከረሜላ አብዛኛው ጀላቲን አለበት። ጀላቲን ከእንስሳ ነው የሚሠራው፣ ከአሳማ የሚሠራም አለ። በዘይት የተጋገረ ዳቦ ግን ጿሚውም ሙስሊሙም ይበላዋል።

ፌስታሉን ተዪው። በ2017 ዓ.ም. የሚከለክለው አዋጅ ጸድቋል። ዳቦ ቤቶች የሚጠቀሙበትን ካኪ ከረጢት ግዢ። ልጅሽ ሮዝ ካለች ሮዝ ከለር ስጫት፤ ከረጢቱ ላይ ራሷ አበባ ትሳልበት። ያንን ስትሠራ ትሰነብታለች። ሲያድሉም እሷ ራሷ በር ላይ ቆማ በእጇ ትስጥ። ያን ቀን የምትሸማቀቅ አይመስለኝም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። እዚህ መሸኛ ቦርሳ የተለመደ ነው። ልጆቼ ይዘውት የሚመጡት ርካሽ ፕላስቲክ ሳምንት ሳይሞላው ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። አሁን አሁን ብዙ እናቶች ትተውት ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መጽሐፍ ብቻ ይሰጣሉ።

እኔ አዲስ አበባ መጥቼ ስመለስ የፊደል ገበታ ገዝቼ ሄጄ ነበር፤ መንገድ ላይ የሚሸጠውን። በልጄ ልደት ለሐበሻ ጓደኞቿ አንድ አንድ ሰጠኋቸው። አንዷ እናት ማቀዝቀዣዋ ላይ ለጥፋው፣ ልጇ ቁርስ ሲበላ ሀ ሁ እያለ እንደሚቆጥር ነገረችኝ። መምህርት ያለችው ዳቦ ላይ ይሄን ብትጨምሪበት ወጪው ብዙ አይደለም። ልጆቹም ኬጂ 2 ስለሆኑ ይደርስላቸዋል።

የሁለት ልጆች አባት

ዳቦ ከሆነ እኔም አልቃወምም። ማንም እናት ይሄን አቅቷት የልጇን ልደት አትተወውም።

የሶልያና እናት (ሰሚት)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህርት፣ ስለ ጾሙና ስለ ጎረቤቶቼ ያልሽው ልክ ነው፤ ከጎናችን ያሉት ሙስሊሞች ናቸው፣ ልጆቻችን አብረው ነው የሚውሉት። ዳቦውን ወስኛለሁ። ፊደል ገበታውንም ለባለቤቴ ነገርኩት፣ ደስ ብሎታል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ኦቨን የለኝም፣ ያለኝ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ከ25 በላይ ትንንሽ አምባሻ በምጣድ ይወጣል? ስንት ዱቄት ይበቃል?

አያት

ልጄ፣ በደንብ ይወጣል። እኔ ለልጅ ልጆቼ የምጋግረው በምጣድ ነው። 2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ይበቃሻል። እርሾውን ለብ ባለ ውሃ በጥብጪው። ስኳር፣ ጨው፣ አንድ ስኒ ዘይት፣ ትንሽ ጥቁር አዝሙድና የተፈጨ ድንብላል አድርጊበት። ኮረሪማ ካለሽ ቁንጥር ይበቃዋል፤ ልጆች ሲበዛ አይወዱትም። ለስለስ እስኪል እሺው፣ ሸፍነሽ ኩፍ ይበል። ከዚያ የሎሚ መጠን ካለው ከፍ አድርገሽ እየቆረጥሽ ድቡልቡል አድርጊና በመዳፍሽ ጠፍጠፍ አድርጊው። ሹካ ይዘሽ ላዩ ላይ መስመር አውጪበት፣ ሶልያናም ታግዝሽ። ድጋሚ ትንሽ ኩፍ ይበል።

ምጣዱ በጣም እንዳይግል፤ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ሊጥ ይቀራል። አንዴ ስድስት ሰባት ትደረድሪያለሽ። ክደኚው፣ ከታች ቀላ ሲል ገልብጪው። እሁድ ጠዋት መብራት ቢጠፋ ጉድ እንዳትሆኚ ቅዳሜ ከሰዓት ጋግሪው። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ ካሳደርሽው እንደለሰለሰ ያድራል። ከረጢቱ ውስጥ የምትከቺው እሁድ ነው። ትኩሱን ከከተትሽው ያልበውና ወረቀቱ ይበጣጠስብሻል።