ፍሪራይድ ሳይክል ልገዛ ነው፤ የሳይክሉ ቶዮታ የቱ ነው?

የጭነት ልጅ (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ከወትሮው የኪራይና የመንጃ ፈቃድ ጥያቄ ትንሽ ይለያል፣ እንዳትስቁብኝ። ትራክ ነው የምነዳው፤ ሳምንቱን መንገድ ላይ፣ ቅዳሜና እሁድ ቤት። ባለፈው ሰመር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዊንተር ፓርክ ያለው ትሬስል የሚባል የሳይክል ፓርክ ወሰደኝ። ሳይክልህን ሊፍት ላይ ሰቅለህ ትወጣለህ፣ ከዚያ ቁልቁለቱን እየዘለልክ ትወርደዋለህ፤ ፍሪራይድ የሚሉት ይህንን ነው። ኮተቤ ልጅ ሳለሁ በሰዓት ተከራይተን ፍሬን በሌለው ሳይክል ዳገት ለዳገት ስንፈነጭ የነበረው ትዝ አለኝና ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

በጀቴ 3,000 ዶላር ነው፤ ለእናቴ የምልከው ሳይነካ። ሁለት ምርጫ ይዣለሁ። አንዱ ስሙ ገናና የሆነ ብራንድ፣ ካርቦን፣ ሦስት ዓመት ያገለገለ፣ ከግለሰብ እጅ። ሌላው በኢንተርኔት ብቻ ከሚሸጡት የአንዱ፣ አልሙኒየም፣ አዲስ። መኪና ሲሆን ሐበሻ «ቶዮታ ግዛ» ይልህና ወሬው ያልቃል። የሳይክሉ ቶዮታ ማነው? ስፔሻላይዝድ? ትሬክ? ሳንታ ክሩዝ? ወይስ በኢንተርኔት የሚሸጡት ኮመንሳልና ካንየን የሚሏቸውም ይታመናሉ?

ጋሼ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ልጄ፣ 3,000 ዶላር ሞተር ለሌለው ነገር? በዚያ ብር እኔ እዚህ አገር የመጀመሪያዋን ካምሪ ገዝቼ ስምንት ዓመት ነድቻታለሁ። ግዴለም፣ ያንተ ገንዘብ ነው። ብቻ ስትወድቅ እኛን እንዳትጠራ።

መካኒኩ (ሲያትል)

ጋሼን አትስማቸው፣ እሳቸው አሁንም ካምሪ ላይ ናቸው። 😄

ወንድሜ፣ ሳይክል ቤት መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም። የቶዮታ ነገርህ ገብቶኛል፣ ግን ሳይክል ላይ አይሠራም። ቶዮታ ስትገዛ ሞተሩም የቶዮታ ነው። የሳይክል ብራንድ የራሱ የሚለው ነገር ፍሬሙን፣ ማለትም የሳይክሉን አካል፣ ነው፤ እሱንም ዲዛይኑን አውጥቶ ብዙ ጊዜ ታይዋን ወይም ሌላ እስያ አገር ያለ ፋብሪካ ያሠራዋል። ጃያንት የሚባለው የታይዋን ኩባንያ በራሱ ስም ከሚሸጠው ሌላ ለሌሎች ብራንዶች ፍሬም ሲሠራ የኖረ ነው። የቀረው ዕቃ ከውጭ የሚገጠም ነው። የፊቱ አሞርዛተር፣ ፎርክ የምንለው፣ ባብዛኛው ወይ ፎክስ ነው ወይ ሮክሾክስ። ፍሬኑና ማርሹም ባብዛኛው ወይ ስራም ነው ወይ ሺማኖ። ስሙ ገናና የሆነውም ስሙን ያልሰማኸውም የሚገጥሙት ይህንኑ ነው። በኢንተርኔት የሚሸጡት ደግሞ ለሱቅ የሚከፈለውን ትርፍ ስለሚያስቀሩ በአንድ ዓይነት ብር የተሻለ ፎርክና ፍሬን ይሰጡሃል።

ስለዚህ ከስሙ በፊት ይህ ፍሬም ለምን ሥራ ተሠራ ብለህ ጠይቅ። ኤኤስቲኤም የሚባለው የአሜሪካ መመዘኛ ሳይክሎችን በአጠቃቀማቸው ይከፍላቸዋል። ደረጃ 3 ለትንንሽ ዝላይ ነው፣ እስከ 61 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ደረጃ 4 እስከ 122። ከዚያ በላይ ያለው፣ የሳይክል ፓርኩ ትልልቅ ዝላይና ፍሪራይድ፣ ደረጃ 5 ነው። ፍሬሙ ላይ በስቲከር ወይም ከሳይክሉ ጋር በሚመጣው መጽሐፍ ውስጥ ታገኘዋለህ። አንድ ብራንድ ደረጃ 4ም ደረጃ 5ም ይሠራል፣ የሚለጥፈው ስም ግን አንድ ነው። ያ የሚያጓጓህ ካርቦን ሳይክል ለትልልቅ ዝላይ ሳይሆን ዳገት እየወጡ ቁልቁለት እየወረዱ መንሸራሸሪያ ሆኖ ቢገኝስ? ሞዴሉን ጻፍልኝ፣ እነግርሃለሁ።

ለፍሪራይድ የፎርኩ መዋጥ፣ ትራቭል የሚባለው፣ ከ170 እስከ 180 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃሃል። ድብል ክራውን የሚባለው፣ ሁለት ቦታ የሚታሰረው 200 ሚሊ ሜትር ፎርክ የዳውንሂል፣ ማለትም ቁልቁለት ብቻ የሚወረድበት ሳይክል ነው፤ ሊፍት በሌለበት ትገፋዋለህ እንጂ አትነዳውም። ፍሬኑን ለአንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በአይ-70 አውራ ጎዳና ከአይዘንሃወር ዋሻ ስትወርድ ፍሬን ላይ ተኝተህ አትወርድም መቼም፤ ሸራው ይቃጠላል። ሳይክልም ያው ነው። ባለ አራት ፒስተን ፍሬንና 200 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሌለው ሳይክል ለዚያ ተራራ አይሆንም። የፍሬን ዘይቱንም አትቀላቅል። የሺማኖ የማዕድን ዘይት ነው፣ ከስራም ብዙዎቹ ዶት ነው የሚጠጡት፤ አንዱን ለሌላው ካጠጣኸው ጎሚኒው ይበላሻል።

አሁን ስለ ዋስትናው። ብዙዎቹ ትልልቅ ብራንዶች ለፍሬሙ የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣሉ፣ ለመጀመሪያው ገዢ ግን። ለሁለተኛው ገዢ ዋስትናው ወይ ያጥራል ወይ ጭራሽ የለም። አንድ የኛው ልጅ ባለፈው ዓመት ስሙ አንቱ የተባለ ካርቦን ሳይክል ከግለሰብ ገዝቶ መጣ። እያጠብኩለት ከፔዳሉ መያዣ ሥር ያለውን ስቲከር ብልጠው ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ! ለብራንዱ ጻፍን፣ የመጀመሪያውን ገዢ ደረሰኝ አምጡ አሉ፣ ሻጩ ስልኩን ዘግቷል። ልጁ 2,800 ዶላር ከፍሎ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ገዛ።

የበርናቢዋ (ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ካናዳ)

መካኒኩ ግማሹን ልክ ነህ፣ ግማሹን አልስማማም። እኔ የምኖረው ፍሪራይድ በተወለደበት አካባቢ ነው፤ ኖርዝ ሾር የሚባሉት ተራሮች ከቤቴ ሃያ ደቂቃ ናቸው፣ ዊስለር የሳይክል ፓርክም በዓመት ሦስት አራቴ እሄዳለሁ። እዚህ ስም ዋጋ አለው፣ ምክንያቱም ስም ማለት መለዋወጫ ማለት ነው።

የመጀመሪያ ሳይክሌን በኢንተርኔት ነው የገዛሁት። በካርቶን መጣ፣ ገጣጠምኩት፣ ደስ አለኝ። ሐምሌ ላይ ከድንጋይ ጋር ተላተምኩና የኋላውን ማርሽ የሚይዘው ትንሿ ብረት፣ ሃንገር፣ ተሰበረች። ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠራች ስለነበረች በርናቢም ቫንኩቨርም የሚያውቃት ጠፋ። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። እዚህ ሰመር ስንት ሳምንት ነው? የሠላሳ ዶላር ብረት ግማሽ ሰመሬን በላችው።

ስለዚህ የጭነት ልጅ፣ የምትገዛው ሳይክል ዩዲኤች የሚባለውን ሃንገር የሚቀበል መሆኑን አረጋግጥ። ስራም በ2019 ያወጣው ነው፤ ዛሬ ብዙ ብራንድ ስለተቀበለው የትም ሱቅ ይገኛል። የኩሽኔታውንም መጠን ጠይቅ። ይህ ከተሟላ በኢንተርኔት መግዛቱ አያስፈራኝም።

ስለ ስም ደግሞ ልጨምር። ሮኪ ማውንቴን የዚሁ የኛ አካባቢ ብራንድ ነው፣ ከ1981 ጀምሮ። በ2001 ዩታ በረሃ የመጀመሪያው ሬድቡል ራምፔጅ የሚባለው የፍሪራይድ ውድድር ሲካሄድ ያሸነፈው ዌድ ሲመንስ የዚህ ብራንድ ጋላቢ ነበር። በፍሪራይድ ከዚህ የሚበልጥ ስም ከየት ይመጣል? ይኸው ኩባንያ በታኅሣሥ 2024 ከአበዳሪዎች ጥበቃ ጠይቆ ፍርድ ቤት ገባ። ዋይቲ የሚባለው የጀርመን ብራንድም በ2025 የኪሳራ ሂደት ጀመረ። ኮና የሚባለው ብራንድ ደግሞ በ2024 ሊሸጥ ወጥቶ መሥራቾቹ ራሳቸው መልሰው ገዙት። በኮቪድ ጊዜ ሁሉም ሳይክል ሲሻማ ፋብሪካው አብዝቶ አመረተ፣ ከዚያ መጋዘን ሞላ፣ ይኸው ነው ነገሩ። የዕድሜ ልክ ዋስትና ሲባል የማን ዕድሜ እንደሆነም ጠይቁ።

መካኒኩ (ሲያትል)

እህቴ፣ ይህን አልክድም። የማርዞኪንም ጨምሪበት እንጂ። ያኔ ፍሪራይድ ሲጀመር የጣሊያኑን፣ የቦሎኛውን ማርዞኪ ኩባንያ ቦምበር የሚባል ፎርክ ያልገጠመ እንደ ጋላቢ አይቆጠርም ነበር። በ2015 ፎክስ የሳይክሉን ክፍል ገዛው። የዛሬው ቦምበር ዜድ 1 የተሠራው በፎክስ 36 ፎርክ አካል ላይ ነው። መጥፎ ነው አላልኩም፤ እንዲያውም ለዋጋው ምርጥ ነው፣ ደንበኞቼን ግዙ እላለሁ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው በሳይክል ሲሆን ስሙ ይውላል፣ ባለቤቱ ይቀየራል።

ነርሷ (ዳላስ)

አንድ ነገር ብቻ። የጤና ኢንሹራንስህን ዲደክተብል፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስህ የምትከፍለውን፣ አይተኸዋል? ከአንገት ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት (ኮላርቦን) ተሰብሮ የሚመጣ የሳይክል ሰው በየሳምንቱ አያለሁ። ከ3,000ው ላይ ቢያንስ 400 ለሙሉ ፊት ሄልሜት፣ ለጉልበትና ለክርን መከላከያ ቀንስ። ሄልሜቱ ላይ ኤኤስቲኤም ኤፍ1952 የሚል ካለ ለዳውንሂል የተፈተነ ነው። ያገለገለ ሄልሜት ግን ወንድሜም ቢሰጥህ አትልበስ፤ አንዴ ከተመታ ውስጡ መሰበሩ ከውጭ አይታይም።

የጭነት ልጅ (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፍሬኑ ምሳሌ ገብቶኛል፤ ወደ ዊንተር ፓርክ የሚያሻግረውን በርቱድ ፓስን ሁሌ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ነው የምወርደው። 😂

ካርቦኑን የሚሸጠውን ልጅ የመጀመሪያ ደረሰኝና የሴሪ ቁጥር ጠየቅኩት። «ነገ እልክልሃለሁ» ካለኝ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ሞዴሉንም መካኒኩ በውስጥ አይቶልኝ ደረጃ 4 ነው ብሎኛል። እሱን ትቼዋለሁ።

ቁመቴ 1.72 ነው። በኢንተርኔት ሲሸጥ ሳልቀመጥበት እንዴት መጠን እመርጣለሁ?

መካኒኩ (ሲያትል)

በ1.72 ብዙ ጊዜ ሚዲየም ነህ፤ ግን «ሪች» የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም ከፔዳሉ ማዕከል እስከ መሪው ሥር ያለውን የፊት ርቀት፣ ተመልከት እንጂ ፊደሉን አትመን፣ የአንዱ ሚዲየም የሌላው ላርጅ ነው። ደግሞ ለምን ትቸኩላለህ? ትሬስል ራሱ ሳይክልና መከላከያ ያከራያል። ሁለት እሁድ ሁለት የተለያየ መጠን ተከራይና የትኛው እንደሚመችህ እግርህ ይንገርህ። መስከረም ላይ ሲዝኑ ሲያልቅ ብዙ ፓርኮች የኪራይ ሳይክሎቻቸውን አራግፈው ይሸጣሉ። ተጋልበዋል፣ ግን በሥርዓት ተጠግነዋል፤ ብዙዎቹ ደረጃ 5 ናቸው፣ በሱቅ ደረሰኝም ትገዛለህ። ኩሽኔታውንና የኋላውን አሞርዛተር፣ ሾክ የሚባለውን፣ ብቻ አስፈትሽ። ሾኩ በአየር ሳይሆን በሞላ የሚሠራ ከሆነ ሞላው በክብደትህ ልክ መሆን አለበት። ላንተ ካልሆነ ሞላውን ብቻ መቀየር ነው፣ ሾኩን አትለውጥም። ፎርኩን ደግሞ በየ50 ሰዓቱ ታችኛውን ክፍል ከፍተህ ዘይቱን ቀይር፤ ፓርክ ውስጥ 50 ሰዓት ቶሎ ይሞላል።

የጭነት ልጅ (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)

እሺ፣ ኪራዩ ይቅደም። ነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት እሁድ እሄዳለሁ፤ መኪናዬ ሦስት ሰው ይይዛል። ከዴንቨርና ከአውሮራ የሚመጣ አለ?

የሐቫና ጎዳናው (አውሮራ)

እኔ አለሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ ከሆነ። ፍልሰታ ስለሆነ የበርገር ነገር እንዳይነሳ፤ ሽሮ በፍላስክ ይዤ እመጣለሁ።

ጋሼ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ፎቶ ላኩ። ከመውደቃችሁ በፊት ያለውን።